ከሻይ ሣጥን የወጣው ዘፈን

ዛሬ ጠዋት የልጄን ፍሪጅ አስነቀልኩ። ቀጥዬ ካውያውን፣ ቀጥዬ የልብስ ማጠቢያውን፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥኑን። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለአንዲት ሸክላ ስል ነው። በዚህም ሳልረካ በነጠላ ጫማ ወጥቼ የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁና፣ «ይቅርታ ልጄ፣ መብራታችሁ ሙሉ ነው ወይስ ደከም ብሏል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጎረቤታችን ጨዋ ሰው ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ አምፖሉን አየና፣ «ሙሉ ይመስለኛል አባባ» አለኝ። «ይመስለኛል» ማለቱን ብቻ ይዤ፣ ጥርጣሬው እንደተረጋገጠለት ሰው ኮራ ብዬ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሲኤምሲ፣ ከልጄ ጋር ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን ሰሞኑን ሻንጣ የመሰለ የሸክላ ማጫወቻ ገዝታ መጣች። የዓለም ዘፈን ሁሉ ስልኳ ውስጥ ታጭቆ ሳለ ለምን ወደ ሸክላ እንደተመለሰች አልገባኝም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ሳልጠየቅ ከቁም ሣጥኔ ሥር በትራስ ልብስ ተጠቅልላ ለዓመታት የተኛችውን ብቸኛ ሸክላዬን አወጣሁላት። የአጎቴ የጋሼ ተፈራ ናት፣ ነፍሱን ይማረውና። ትንሽ ናት፤ ሾላ ገበያ ከሚሸጡት የሾርባ ሳህኖች አፍ አትሰፋም።

ሜሮን አቧራዋን ጠርጋ አስቀመጠቻት። መጀመሪያ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣሉ ዓይነት ጩኸት መጣ። ከጩኸቱ ሥር የአንድ ጎልማሳ ሰው ድምፅ ተሰማ። እርጋታ ያለው፣ የማይቸኩል ድምፅ።

«አይደለም» አልኩ።

«ምኑ ነው ያልሆነው አባባ?»

«ዘፈኑ። እንዲህ አይንቀራፈፍም። ይኼ ሰውዬ ታሟል። መብራት አንሶት ነው።»

ፍሪጁ የተነቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉ ነገር ተነቃቅሎ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ልጄ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማ እያየችኝ፣ ሰውዬው ያው እንደታመመ ነው። በመጨረሻ ሜሮን ዞር ስትል እጄን ሰድጄ አንዷን ቁልፍ ገፋኋት። ወዲያው ያ ጎልማሳ እንደ ጫጩት መንጫጫት ጀመረ። እኔም፣ «ይኸው፣ ይኸው ነው ዘፈኑ» ስል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሜሮን ግን ግድግዳውን ተደግፋ ነበር የምትስቀው።

ስቃ ስትጨርስ ሸክላዋን አንስታ ወደ መነጽሬ አስጠጋችልኝ። «አባባ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«አርባ አምስት።»

«ምን ማለት ይመስልዎታል?»

ምን ልበላት። ያ ቁጥር የዘፋኙ ዕድሜ ነው ብዬ ነው ያረጀሁት።

«ስፒዱ ነው አባባ። በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ ነው የምትዞረው። እርስዎ በሰባ ስምንት ለቀቋት።» ከዚያ ስልኳን መነካካት ጀመረች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ፣ ይኼ እኮ ስኪፍል የሚሉት ነው። እንግሊዝ አገር ሮክ ኤንድ ሮል የተጀመረው በዚህ ነው። ልጆቹ መሣሪያ ስላልነበራቸው በሻይ ሣጥንና በመጥረጊያ እንጨት ይጫወቱ ነበር ይላል። ኋላ ላይ ነው ሣጥኑን ጥለው የኤሌክትሪክ ጊታር የያዙት። ያውቁ ነበር?»

አውቃለሁ አልኳት። የሾላ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላመነው ብቻ ነው።

ያኔ ሾላ ገበያው እንጂ ከተማው ገና አልደረሰባትም። ቤታችን ከገበያው ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይቀማል፤ ጫማ ለሌለው ልጅ ደግሞ ይህ ትልቅ መዝናኛ ነው። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ቦሌ ሣር ብቻ ነበር፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ። እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው ሲባል ሰምቼ፣ አውሮፕላኖቹም ለሣሩ ሲሉ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ አሥር ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜ ይህን ማመን ያሳፍራል፤ ግን አመንኩ።

ጋሼ ተፈራ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ አብሮን ያደገ። እናቴ «አንቱ በለው» እያለች ብትቆጣኝም አንተ ከማለት አልወጣሁም። ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ለትምህርት ብለው እንግሊዝ አገር አንድ ሆስፒታል ልከውት፣ ዓመት ቆይቶ የተመለሰው በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እናቴ የሱፍ ካፖርት ጠብቃለች። አባቴ የእጅ ሰዓት ጠብቋል። እኔ የጠበቅሁትን አልናገርም፤ ፈረስ ነበር።

ሻንጣው ሲከፈት ጃንጥላ ወጣ፣ ጠባብ ሱሪ ወጣ፣ ይህቺ ሸክላ ወጣች። እናቴ ሱሪውን አንጠልጥላ ግራ ቀኝ አየችውና፣ «ተፈራ፣ እንግሊዝ አገር ጨርቅ ተወዷል እንዴ?» አለችው።

ማታ ማታ ግን አፉን ከፍተን ነበር የምናዳምጠው፤ የራሳችንን አፍ ማለቴ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ በሽተኛ የሚገፋ አንድ ወጣት፣ ከሥራ በኋላ ይዞት ወደ አንድ ምድር ቤት ወርዶ ነበር አሉ። ጠባብ ቡና ቤት ነው፤ ግድግዳው በሰው ትንፋሽ ያልበዋል። ጥግ ላይ ልጆች ቆመው ይጫወታሉ።

«ሣጥን ነው እኮ የምላችሁ። ሻይ ተጭኖበት የሚመጣው የጣውላ ሣጥን» ይላል ጋሼ እጁን እያወናጨፈ። «ይደፉትና መሃሉን ይበሱታል። ሲባጎ ያስገባሉ። የሲባጎውን ሌላ ጫፍ መጥረጊያ እንጨት ላይ ያስሩታል። እንጨቱን ሲገፉት ሲባጎው ይወጠራል፣ ሲመልሱት ይላላል። በጣት ሲመቱት ዱም ይላል። ሌላው ልጅ ደግሞ ሽንሽን ያለ የልብስ ማሺያ ቆርቆሮ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ልብስ ሰፊ የሚያጠልቃት የብረት ቆብ ጣቱ ላይ አድርጎ ይፍቀዋል።»

«መሣሪያ የላቸውም?» ትላለች እናቴ። «እንግሊዞች ናቸው እኮ።»

«ጦርነቱ አድቅቋቸዋል እቴቴ። አባቶቻቸው ገና አላገገሙም። ልጆቹ ግን እስኪያገግሙ አንጠብቅም አሉ።»

ዘፈኑ የማን ነው ስትለው፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ነው አላት። የሚገርመው ደግሞ፣ ጋሼ ደረጃውን ሲወርድ ልጆቹ መጫወታቸውን አቁመው በአክብሮት መንገድ ለቀቁለት። ጥቁር ሰው ስለሆነ የዘፈኑ ባለቤት መስሏቸዋል። ሣጥኑንም እጁ ላይ አስያዙት፣ ያስተምረናል ብለው። ጋሼ ያን ዓይነት ዘፈን በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። አላውቅም እንዳይል ደግሞ አፈረ። ስለዚህ ጣቱን ሲባጎው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ መታው፤ ልጆቹም ተከተሉት። ከዚያን ቀን በኋላ በየሳምንቱ ሄዶ፣ አስተማሪ መስሎ ተማረ።

«እነዚህ ልጆች አንድ ቀን ዓለም ይሰማቸዋል፣ ብሎ ነበር በሉኝ» ይል ነበር።

ወሬው ሾላን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ችግሩ፣ ወሬው አቶ ገብረየስ ጋም መድረሱ ነው።

አቶ ገብረየስ ገበያው አፍ ላይ ሻይ፣ ስኳርና ጨው የሚነግዱ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ብቸኛ ግራማፎን የሳቸው ነው። እታለማሁ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጋሼ እንግሊዝ አገር ከመሄዱ በፊት ጀምሮ ልቡ እሷ ጋ ነበር፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦችም ነገሩን ሳያነሱት እንደሚያውቁት ሆነው ይኖሩ ነበር። አሁን ግን አቶ ገብረየስ በሱቃቸው ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እኔ የሻይ ሣጥን ስገለብጥ ዕድሜዬ አለቀ፤ አንድም ቀን አልዘፈነልኝም» አሉ። «ይኼ ልጅ ወይ ይዋሻል ወይ ብርዱ ጭንቅላቱን ነክቶታል። ለውሸታምም ለበሽተኛም የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ጋሼ ይህን ሲሰማ ምሳውን ተወ። ቀጥሎ ሸክላዋን አሰበ። ማስረጃ አለኝ ብሎ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔን አስከትሎ ሄደ። አቶ ገብረየስ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሦስት እንግዶች አሉ። ግራማፎኑ ጥግ ላይ ነው፣ አፉ እንደ ትልቅ አበባ የተከፈተ። አቶ ገብረየስ ሸክላዋን ተቀብለው አገላበጧት። «ትታጠፋለች እኮ። ይቺ ምኑን ሸክላ ሆነች» አሉ። ደርቀው እንደ ምጣድ የሚሰበሩትን ነበር የሚያውቁት። ብቻ አስቀመጧት፣ እጀታውን አዙረው አዙረው ሞሉት፣ ያቺን ምስማር የምታህል መርፌ ጣሉባት።

ጫጩት ወጣ። የጫጩት መንጋ።

እንግዶቹ ተያዩ። አቶ ገብረየስ ፊታቸውን ሳይፈቱ ወደ ጓዳ ዞረው፣ «እታለማሁ፣ ለእንግሊዞቹ ጥሬ በትኚላቸው» አሉ።

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። እኔም ሳቅሁ፤ አጎቴን እወዳለሁ፣ ግን ቀልዱም ቀልድ ነበር። ጋሼ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ «እንዲህ አይደለም። እንዲህ አልነበረም። ቀስ ያለ ነው፤ ሰው መንገድ እየሄደ የሚዘፍነው ዓይነት» ይላል። የሚሰማው የለም። የማሽኑ ኃይል እያለቀ ሲሄድ ጫጩቶቹ መድከም ጀመሩ። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፤ ለሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል የሰው ድምፅ ሆነ። ጋሼ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «ይኸው፣ ይኸው ነው፣ ሰማችሁ?» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ድምፁ የበሬ ማቃሰት ሆኖ ቆመ።

«ሞተ» አሉ አቶ ገብረየስ።

እኔም ሞተ ብዬ አመንኩ። ስንወጣ እታለማሁ በሩ ላይ ባዶ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ይዛ ቆማለች። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ «ሰማኸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሊሞት ሲል ያለውን።»

አልሰማሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ጥሬው ይበተናል ብዬ ጓዳውን ነበር የማየው።

ሸክላዋ እዚያው ቀረች። አቶ ገብረየስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሳቂያ አደረጓት፤ እጀታውን የምሞላውም እኔ ሆንኩ፣ በፈቃዴ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሲጥል ውዬ የማድረው ያ ግራማፎን ሥር ነበር ማለት ይቻላል። አፉ ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ ዘፋኙን ፈልጌዋለሁ፤ ያገኘሁት የዛገ ብረትና የአሮጌ ጨርቅ ሽታ ነው። ቁጥሯን አይቼ እታለማሁን ብጠይቃት፣ «ዕድሜው ይሆናል» አለችኝ። እኔም አሰላሁ፤ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው የጫጩት ድምፅ ያለው ብርዱ ድምፁን እንዳያድግ አድርጎት ነው። ደረቅ ቆሎ በልቶ ቢስል ድምፁ ይወፍርለት ነበር ብዬ ሁሉ አዝኜለታለሁ።

ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ያዝኩት፣ በጫጩትኛው። ቃሉ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤት ስገባ ስወጣ ስንጫጫ ጋሼ ጆሮውን ይይዛል።

«ፈለቀ፣ ቀስ በል።»

«ሸክላዋ እንዲህ አትልም ጋሼ።»

«ሸክላዋ ተሳስታለች።»

«ሸክላ እንዴት ይሳሳታል?»

ጋሼ ቁስል እንጂ ማሽን አያውቅም። እኔ ደግሞ በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ፤ ሰው ይዋሻል፣ ማሽን ምን አግኝቶ ይዋሻል።

ነሐሴ ሲገባ ጋሼ አንድ ሐሳብ መጣለት። ማሽኑ ካልመሰከረለት ሣጥኑ ራሱ ይመስክር። ግን አቶ ገብረየስ ሊያዩት አይፈልጉም፤ በምን በኩል ይግባ? በቡሄ። በቡሄ ቀን ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ይዞራሉ፤ አውጪው ያወጣል፣ ሌላው መሬቱን እየደቃ ይቀበላል። የቤቱ ባለቤት የተቆጣም የተኳረፈም ቢሆን፣ የመጡትን ልጆች ሳይዘፍኑ አይመልስም፤ ዘፍነው ሲጨርሱም ሙልሙል ይሰጣል። ጋሼ እንግዲህ በልጆች መካከል ተሸጉጦ ሊገባ ነው።

«ጢም አውጥተህ ሆያ ሆዬ?» አለች እናቴ። «ያውም በፍልሰታ ጾም፣ በእንግሊዝኛ?»

«ጢሜን እላጨዋለሁ» አላት።

የሻይ ሣጥን ያለው ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ግራማፎን ልሞላ በሄድኩበት ጉዳዩን ለእታለማሁ ሹክ አልኳት። በማግስቱ በጓሮ በኩል ጠራችኝና አጥሩን አሻግራ ሣጥን አቀበለችኝ።

«ጨው ነበረበት፣ ወደ ጆንያ ገልብጬዋለሁ። አባባ እንዳያይህ» አለችኝ። ሣጥኑን ግን በአንድ በኩል እንደያዘችው ነው፣ አልለቀቀችም። «በነጻ አይደለም ታዲያ። አንድ ቀን ለኔ ብቻ ቀስ አድርገህ ትዘፍንልኛለህ። ተፈራ እንደሚለው አድርገህ።»

ያኔ አንቺ ነበር የምላት። «ነገ እዘፍንልሻለሁ» አልኳትና ሣጥኑን መነጨቅሁት። ቀስ ብሎ መዝፈን ለኔ የሚሞት ሰው መምሰል ነበር፤ ማን ይፈልጋል።

ልምምዳችን ቤታችን ጣራ ጠፈጠፍ ሥር ነው። ሣጥኑ ሲደፋ የሻይና የጨው ሽታ ይወጣዋል፤ ውስጡ ብር የመሰለ ወረቀት እዚህም እዚያም ተላጦ ቀርቷል። ጋሼ ጠባብ ሱሪውን ለብሶ እንጨቱን ይገፋል፣ ሲባጎውን ይመታል፤ ሣጥኑም ከሆዱ ዱም ይላል። ያን ድምፅ መጀመሪያ ስሰማ ከእግሬ ሥር የመጣ መስሎኝ መሬቱን አየሁ። ጓደኛዬ ዘሪሁን ከጣራ የተረፈ ቁራጭ ቆርቆሮ በእናቱ ማንኪያ ይፍቃል። የቀሩት ልጆች በዱላ ይደቃሉ። እኔ አውጪ ነኝ። ጋሼ ከአጥሩ እስከ ውኃ ጉድጓዱ እያስኬደኝ፣ «አንድ እርምጃ፣ አንድ ቃል። እግርህን ስማ» ይለኛል። በእርምጃ ስሄድ ይሳካልኛል። ቆሜ ስዘፍን ጫጩቱ ይመጣል።

«ፈለቀ» አለኝ በዋዜማው፣ ጢሙን ተላጭቶ ፊቱ የሌላ ሰው መስሎ። «ነገ ብትሮጥብኝ አለቀልኝ። ገባህ?»

ገባኝ አልኩት። ገብቶኝም ነበር። ምላሴ ነው ያልገባው።

የቡሄ ቀን ያካፋል። ከየአቅጣጫው ጅራፍ ይጮሃል። የአቶ ገብረየስ በር ተከፈተልን፤ እሳቸው ከነእንግዶቻቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ባለቤቱን አሞገስን፣ አገር የሚያውቀውን ሆያ ሆዬ አልን። ከዚያ ጋሼ ከልጆቹ ኋላ ብቅ አለና ሣጥኑን ጭቃው ላይ ደፋው። አቶ ገብረየስ አወቁት፤ ቅንድባቸው ሲነሳ አየሁ። ግን ቡሄ ነውና አላባረሩትም።

ዱም አለ ሣጥኑ። እኔም ጀመርኩ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ቃል። ያማረ ነበር፤ እንግዶቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንዷ እንግዳ ሴትዮ ፈገግ ስትልልኝ አየሁ። በቃ፣ ያቺ ፈገግታ ናት የጨረሰችኝ። የበለጠ ላስደስታት ብዬ ትንሽ ፈጠን አልኩ። ዘሪሁን ማንኪያውን ይዞ ተከተለኝ። ዱላዎቹ ተከተሉት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እኔ ሙሉ በሙሉ ጫጩት ሆኛለሁ። ጋሼ ሊደርስብኝ በሲባጎው እየጋለበ፣ «ቀስ፣ አንተ ልጅ፣ ቀስ» ይላል። እንጨቱ ጭቃው ላይ አዳለጠው። ጋሼ በዚያ ጠባብ ሱሪ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሣጥኑ ተንከባሎ በጎኑ ቆመ።

በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ትልቅ «ገ» ተጽፏል። አቶ ገብረየስ በሣጥኖቻቸው ሁሉ ላይ የሚጽፏት።

ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። አቶ ገብረየስ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ያ ሣጥን የኔ ነው» አሉ። «ማን ነው ያወጣው?»

እኔ፣ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘነው ልል አፌን ከፈትኩ። ቀድማኝ እታለማሁ ከበሩ ወጣች፣ የሙልሙሉን ሰፌድ እንደያዘች።

«እኔ ነኝ አባባ። ጨውን ገልብጬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንግዳ ፊት ይህን ማለቷ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልገባኝም፤ በረንዳው ላይ ያሉት ግን ሁሉም ገብቷቸዋል። ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። አቶ ገብረየስ ልጃቸውን አዩ፣ ጭቃው ላይ የተቀመጠውን ጋሼን አዩ። ሲባጎውን እንደጨበጠ ነው። የዝናቡ ካፊያ ሣጥኑ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«አንተ» አሉት በመጨረሻ። «እስቲ ብቻህን ምታው። ያለ ጫጩቱ።»

ጋሼ ተነሳ። ሣጥኑን አቃንቶ ደፋው፣ እንጨቱን አቆመ። ሲባጎውን መታው። ዱም። እንጨቱን ገፋ። ዱም፣ ከፍ ብሎ። እንደዚያ ቀስ እያለ፣ ሰው ዳገት ሲወጣ በሚሄደው እርምጃ፣ ዘፈኑን ያለ ቃል ዳር አደረሰው። አቶ ገብረየስ ከበረንዳው ወርደው፣ ጭቃውን በጫማቸው እየረገጡ መጥተው መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። ሣጥኑን ነው ያናገሩት።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስገለብጥህ አንዲት ቃል አልተነፈስክልኝም» አሉት።

ከዚያ ወደ ጋሼ ቀና ብለው፣ «ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌ ላክ። ሣጥኑን ግን ዛሬውኑ መልስልኝ፤ ጨዉ ጆንያ ውስጥ ይረጥባል» አሉ።

እኔ ሽማግሌ ሲሉ የሣጥኑን ጉዳይ ሊዳኙ የሚመጡ መስሎኝ፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ በፍርሃት ሙልሙል እንኳ አልወረደልኝም ብል ውሸት ነው። ወርዶልኛል። ሦስት በልቻለሁ። ግን ፈርቼ ነው የበላሁት።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ስትገባ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ፣ «ነገ አልከኝ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እታለማሁ እትዬ ሆኑ፣ አንቺ ቀርቶ እርስዎ መጣ። እርስዎ ለሚባል ሰው ደግሞ ብድግ ብሎ አይዘፈንም። እኔም ይህን ሰበብ ይዤ አደግሁ።

ዛሬ ፍሪጁም ካውያውም ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሜሮን ሸክላዋን በአርባ አምስት ደግማ ከፈተችልኝ። ያ የአቶ ገብረየስ መርፌ ክፉኛ ፍቋታል። ቢሆንም ከፍቃቱ ሥር ሰውዬው አለ፤ ጤነኛ ነው፣ እየሄደ ነው የሚዘፍነው። ተነስቼ ከሶፋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሶፋው ተራመድኩ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ቃል። ገጠመልኝ። ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «አሁን ደግሞ ምንጣፉን እየለካ ነው?» አለች።

ከዚያ ስልክ ደወልኩ። እትዬ እታለማሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሸክላዋንም የሰጡኝ ከሾላ ዕቃ ጠቅልለው ወደዚያ ሲገቡ ነው።

«እትዬ፣ ጋሼ እውነቱን ነበር» አልኳቸው።

«የቱን?»

«ዘፈኑ ቀስ ያለ ነው። ማሽኑ ነው የተሳሳተው። ዛሬ ሰማሁት።»

«እኔ ያኔውኑ ሰምቼዋለሁ እኮ ልጄ። ሊሞት ሲል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሜሮን ማጫወቻ አላት። ሸክላዋን ይዘን እንምጣና ያዳምጡት?» አልኩ።

«ሸክላውን ምን ላድርገው» አሉኝ። «ሣጥን ሰጥቼህ አልነበር? የሣጥኔን እፈልጋለሁ።»

«ነገ እመጣለሁ እትዬ» አልኩና፣ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። እሳቸውም ሰምተውታል፤ እየሳቁ ነው ስልኩን የዘጉት።

አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበቴን አውቀዋለሁ፤ በየደረጃው ቆም ማለቴ አይቀርም። ደረጃውን ስወጣ ልለማመደው አስቤአለሁ፣ አንድ ደረጃ አንድ ቃል። በዚህ ጉልበት መቼም ልፍጠን ብል አልችልም። እዚያ እስክደርስ ድረስ ግን የእትዬ እታለማሁ አንድ ዘፈን አለብኝ፣ ቀስ ብሎ የሚዘፈን።